የማርሽ ኳስና ልባስ ቀየርኩ፦ ከአሥር ወር በኋላ

መኪናዬ የ1999 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ማንዋል፣ ባለ አምስት ማርሽ። ከእኔ በፊት አባቴ ለዓመታት ነድቷታል። የማርሽ ኳሱ ላይ የነበሩት ቁጥሮች በእሱ መዳፍ ተፍቀው አልቀዋል። ሽፋኑም ተልጦ እጅ ላይ ይጣበቅ ጀመር። ከዘንጉ ሥር ያለው ልባስ ደግሞ ተቀዶ አቧራ ያስገባ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሶማሌ ተራ ወረድኩና ሁለት ዕቃ ገዛሁ። አንዱ የተወለወለ የብረት ኳስ ነው፣ 1,800 ብር። ሌላው በቀይ ክር የተሰፋ ጥቁር የቆዳ ልባስ፣ 900 ብር። መብራት ያለበት ኳስም አሳይተውኝ ነበር። ማታ ዓይን ስለሚወጋ ተውኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት በጣም ወደድኩት። ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 350 ግራም ሆነ። የድሮው ፕላስቲክ 100 ግራም እንኳ አልሞላም። ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። ዘንጉን ገፋ ስታደርጉት ክብደቱ ይዞት ይሄዳል፤ ሦስተኛና አራተኛ ለስለስ ብለው ይገባሉ። በዘንጉ በኩል ወደ መዳፌ ይመጣ የነበረው መንዘርም ቀነሰ።

ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሻጩ «ማርሽ የሚያስቸግር ከሆነ ይህ ይፈታዋል» ብሎኝ ነበር። አይፈታውም። ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ «ክርር» የሚለው ድምፅ ከኳሱ በኋላም አልጠፋም። ይሄ የሚመጣው ካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹን እኩል ፍጥነት ላይ ከሚያገናኘው የነሐስ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲበላ ወይም ዘይቱ ሲያረጅ ይጮሃል። የካምቢዮ ዘይት ሳስቀይር ድምፁ በጣም ቀነሰ። ማርሽ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ዘይቱ ላይ አውጡ።

ትልቁ ችግር የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። ኳሱ ለሁሉም መኪና እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ማስገቢያ አለው፤ እሱን ዘንጉ ላይ አጥልቃችሁ በጎን በኩል በትንንሽ ቪቴ ታጠብቁታላችሁ። የሰፈራችን ኮብልስቶን ቀስ በቀስ ሲያላላው አላወቅኩም። አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስወጣ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ልመልስ ስል ኳሱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ክው አልኩ። ከኋላዬ ሚኒባስ ነበር። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ባዶውን ዘንግ ይዤ አንደኛ አስገባሁና እንደምንም ዳር ያዝኩ። ይህ የጌጥ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ፕላስቲኩን አውጥተው በነሐስ ማስገቢያ ተኩልኝ፣ ዘንጉ ላይ እንደ ዳዶ እየዞረ የሚጠብቅ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የቶዮታ ዘንግ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ተራ ባለ 12 ቡሎን ግን 1.75 ነው። በዚያ ልክ ከተሠራ ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል፤ ካስገደዳችሁት የዘንጉን ጥርስ ይበላል። ሆንዳ ብዙውን ጊዜ 10 በ1.5፣ ኒሳን ደግሞ 10 በ1.25 ነው። ስለዚህ በቃል ከማስረዳት የድሮውን ኳስ ይዛችሁ ሂዱ። 500 ብር ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

ሌላው ነገር ሙቀት ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በረዶ የጨበጥኩ ያህል ነበር፤ እሱን ቻልኩት። የካቲት ላይ ግን ከእናቴ ጋር አዳማ ሄደን መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆምኩ። ስንመለስ ኳሱ አላስነካ አለ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ መዳፌ ውስጥ አደረገችልኝና እስከ ዋናው መንገድ በዚያ ነዳሁ። በሳምንቱ በኪሮሽ ትንሽ ነጭ ቆብ ሠርታ ሰጠችኝ። ስቆም አለብሰዋለሁ፣ ስነዳ አወልቀዋለሁ፤ ከነቆቡ ከተነዳ ያንሸራትታል።

ኳሱ ላይ የማርሽ ቁጥር አልተጻፈበትም። ለእኔ ችግር የለውም። ላቫጆ ላይ ግን መኪናዋን ሊያወጣ የገባው ልጅ «ጋሼ፣ ኋላ ማርሹ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ አደረገ። ከፊቱ ግድግዳ ነበር። አሁን ቁጥሮቹን በትንሽ ቆርቆሮ አስቀርጬ ከዘንጉ አጠገብ ለጥፌያለሁ። ታናሽ ወንድሜም መንዳት እየተማረባት ስለሆነ ጠቅሞታል።

ስለ ቆዳው ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ክረምቱ ሲገባ ስፌቱ አካባቢ ትንሽ ሻጋታ አየሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ቅባት ስቀባው ለቀቀ። አቧራው ቀርቷል። ሲገጠም ግን አምስተኛና ኋላ ማርሽ እያስገባችሁ ሞክሩት፤ ጠብቆ ከታሰረ ዘንጉን መልሶ ይጎትታል።

ቆዳውን ዛሬም ደግሜ እገዛዋለሁ። ኳሱን ግን ብረት አልገዛም። አንድ ቁራጭ ወይራ አግኝቼ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ እያደረቅኩት ነው። ወይራ ከባድ እንጨት ስለሆነ ክብደቱን ብዙም አላጣም፤ ፀሐይ ላይም እንደ ብረት አያቃጥልም። ቶርኖ ቤቱ የነሐሱን ማስገቢያ አውጥቶ እንጨቱ ላይ እንደሚተክልልኝ ነግሮኛል። ለመስከረም ቀጥሮኛል።