ፕሬሪ ዶግ ወይስ ጎፈር?

ፕሬሪ ዶግ («የሜዳ ውሻ» ማለት ነው) እና ጎፈር ጉድጓድ የሚቆፍሩ የአይጥ ወገን እንስሳት ናቸው። በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ሜዳ ጉድጓድ አይተው «የማን ይሆን?» ካሉ፣ እንስሳውን ከመጠበቅ አፈሩን ይመልከቱ። የጥቁር ጅራቱ ፕሬሪ ዶግ ጉድጓድ አፉ ክፍት ነው፤ ዙሪያውን የተቆለለው አፈር ጎርፍ ያግዳል፣ መንጋውን ለሚጠብቀው ዘበኛም ማማ ይሆናል። በአካባቢው ያለው ሣር አጭር ነው፤ አዳኝ እንዳይሸሸግበት መንጋው ይከረክመዋል። ዘበኛው አደጋ ሲያይ እንደ ቡችላ ይጮኻል፤ ውሻ ያሰኘውም ይኸው ጩኸት እንጂ ዝምድና አይደለም።

ጎፈር በአኗኗሩ የእኛን ፍልፈል ያስታውሰኛል፤ ብቸኛ ነው፣ ዕድሜውን የሚገፋው ከምድር በታች ነው። መውጫውን በአፈር ይደፍናል፤ ክምሩም ወደ አንድ ጎን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ድንገት ብቅ ካለ ጥርሱን ይዩ፦ አፉን ዘግቶም የፊት ጥርሶቹ ውጭ ናቸው። ምግብ የሚሸከምባቸው የጉንጩ ከረጢቶችም የሚከፈቱት ከውጭ ነው።