የማታ እንግሊዝኛ በጅማ፦ «ፒክ አፕ»ን የተማርንበት ምሽት

ጅማ መርካቶ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የቋንቋ ማሰልጠኛ የማታውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ለ3 ወራት የተከታተልኩ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ያረካኝ «ፒክ አፕ» የተባለውን ሐረግ የተማርንበት ምሽት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንዳች ነገር ከመጻፋቸው በፊት ከኪሳቸው ጥቂት ቀይ እሸት ቡና አውጥተው ወለሉ ላይ ከበተኑ በኋላ አንዷን ተማሪ እንድታነሳው ጠየቋት። ቡናን ከዛፉ ላይ መልቀም «ፒክ» ብቻ እንደሚባል፣ መሬት የወደቀውን ጎንበስ ብሎ ማንሳት ግን «ፒክ አፕ» እንደሆነ ያኔውኑ ገባን፤ ለቡና አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወደ ፍካሬያዊው ፍቺ ስንሻገር ቋንቋን ክፍል ሳይገቡ ከሰው አፍ እየሰሙ መልመድ፣ የቀዘቀዘ ገበያ መነቃቃትና እንግዳን ከመናኸሪያ በመኪና ሄዶ መቀበል በዚሁ ሐረግ እንደሚገለጹ ተረዳን። (ዕድሜ ልካችንን «ፒካፕ» እያልን የምንጠራው መኪናም ትዝ ብሎን ሳቅን።) «ስልክ አነሳ» የሚለው አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ጋር ቢገጥምም፣ «ፎቶ አነሳ» በ«ቴክ»፣ «ሐሳብ አነሳ» ደግሞ በ«ብሪንግ አፕ» ስለሚተረጎሙ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተውላጠ ስም ሲገባ «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» እንደማይባል ግን የተነገረን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነበር።

ክፍያው ተመጣጣኝ ነው። የሚታደለን ፎቶ ኮፒ ግን ከመደብዘዙ የተነሳ ከኋላ ወንበር ለምንቀመጠው፣ በዚያ ደካማ አምፖል፣ ፈጽሞ አይነበብም።