የዘይት ፍሳሽ መፈለጊያ ቀለምና መብራት፦ በአሮጌ የመስክ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል ላይ

ከኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) የሚፈስ ዘይት ከየት እንደመጣ በዓይን ብቻ መለየት የሚያስቸግረው፣ ዘይቱ በወጣበት ቦታ ስለማይቆይ ነው፤ የሚሽከረከረው ዘንግ ይረጨዋል፣ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ አቧራ ይጋገርበታል፣ በመጨረሻም የሚንጠባጠበው ከሁሉ ዝቅ ካለው ቡሎን ሥር ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው የመስክ መኪናዬ የዲፈረንሻሉ ሆድም የግራ ጎማው የውስጥ ፊትም በአንድ ጊዜ ረጥበው ስላገኘኋቸው፣ በግምት ኦይል ሲል (በዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት) ከማስቀየሬ በፊት ከማርሽ ዘይት ጋር የሚቀላቀል አብሪ ቀለም፣ የአልትራቫዮሌት መብራትና ቢጫ መነጽር የያዘ መፈለጊያ ገዛሁ።

አካሉን ከቅባት አጽድቼ፣ ቀለሙን በዘይት መሙያው ቀዳዳ ጨምሬ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ከነዳሁ በኋላ፣ ሲመሽ መኪናውን በማቆሚያ አስደግፌ ከሥሩ ገባሁ። በፒኒዮኑ (ኃይሉን ከዘንጉ ተቀብሎ ወደ ዲፈረንሻሉ በሚያስገባው ማርሽ) አንገት ዙሪያ ክር የመሰለ ቢጫ አረንጓዴ መስመር ያበራ ነበር፤ ከእሱ በላይም በመኪናው ወለል ሥር፣ ዘንጉ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ልክ የተሰለፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። የጎማው እርጥበት ግን ጭራሽ አላበራም። በጣቴ ሳሸው ቀጭን ነው፣ የማርሽ ዘይት የሚታወቅበት የድኝ ሽታም የለውም። የፍሬኑን ታምቡር ሳወልቅ ከፍሬን ሲሊንደሩ ላስቲክ አልፎ የወጣ የፍሬን ዘይት ሆኖ ተገኘ። በግምት ሄጄ ቢሆን ኖሮ የጎማውን ዘንግ በከንቱ አስወጥቼ፣ አደገኛውን ጉዳት እንዳለ እተወው ነበር፤ ለእኔ ዕቃው ዋጋውን ያወጣው በዚህ ብቻ ነው።

ቀለሙ ዘይቱ የት እንደወጣ እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም፤ መመሪያውም ስለዲፈረንሻሉ መተንፈሻ አንድም ቃል አያነሳም። የእኔው በደረቅ ጭቃ ተደፍኖ ነበር፤ ዘይቱ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣም ዘይቱን በሲሉ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ከፍቼ አጽድቼው እንደገና ስነዳ መስመሩ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ፒኒዮኑ ላይ የሚታሰረውን አንገት ሳስፈታ፣ ሲሉ በሚያርፍበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ዙሪያ ታየ፤ እዚያ ላይ አዲስ ሲል ብቻ ቢገባ ብዙም ሳይቆይ ያፈስ ስለነበር አንገቱም አብሮ ተቀየረ። የኩሽኔታው ንቅናቄም በዚያው ቢታይ መልካም ነው፤ የላላ ኩሽኔታ አዲሱንም ሲል ይበላዋል።

ዕቃው ጉድለት አለበት። መብራቱ ቀለሙን ከማብራት ይልቅ ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚያበዛ፣ ድቅድቅ ጨለማ ካልሆነ ቀጭን መስመር ይሰወርበታል፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 365 ናኖሜትር የሆነ መብራት በዚህ ረገድ 395 ከሆነው ይሻላል። የመጨመሪያው አፍ አጭር ስለሆነ ከመሙያው ቀዳዳ ጋር ቱቦ መቀጠል ግድ ሆኖብኛል። መጠኑም የተጻፈው ለሞተር ዘይት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ደግሞ የጠረግሁበት ጨርቅ የተወው ብናኝ ሰማያዊ እያበራ አሳስቶኛል፤ የቀለሙ ብርሃን ወደ ቢጫ የሚያደላ መሆኑን ልብ ያለ ግን አይምታታበትም። ዳግመኛ ብገዛ ቀለሙን ይህንኑ እወስዳለሁ፣ መብራቱን ለብቻው ጠንከር ያለውን እመርጣለሁ።