ቱርቦው በምን እንደሞተ ሳይታወቅ ሌላ ቱርቦ እንዳታስገጥሙ

ይህን የምጽፈው ከትናንት ከሰዓት በኋላው ንዴት ሳልወጣ ነውና አንዳንድ ቦታ ቃሌ ቢከር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ያዲሱ ቱርቦ፣ ማለት ወደ መኪናው ሞተር የሚገባውን አየር አምቆ ጉልበት የሚጨምረው መሣሪያ፣ ዕድሜው አሥራ አንድ ቀን ነበር። ለዕቃው 118,000 ብር፣ ለእጅ ዋጋ ደግሞ 14,000 ብር ከፍያለሁ፤ መኪናው ዛሬ እንደገና ቆሟል፣ ከገንዘቡም የተመለሰልኝ አንድም ብር የለም።

የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ቢሮ በሚለው የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጦ በሁለት ስልክ ያወራል፣ ኮፈኑ ሳይከፈት በሽታውን ይናገራል፣ ዕቃውንም «እርስዎ ራስዎ ቢሄዱ ይበሉዎታል፣ እኔ የማውቀው ሰው ጋ አለ» ብሎ በራሱ ሰው ያስመጣል። ደረሰኝ ስትጠይቁት ደግሞ «ከነቫቱ ነው ያለ ቫት?» ብሎ መልሶ እናንተኑ ይጠይቃችኋል።

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2010 ስሪት የሆነ ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ነው። ከደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ የአባይን በረሃ ወጥቼ ጎሃ ጽዮን ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከሞተሩ በኩል መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎም እንደ አምቡላንስ ያለ ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ጉልበቱ ከዳኝ፤ በመስተዋት ስመለከት ከኋላዬ ያለው መንገድ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል። አዲስ አበባ እንደገባሁ ወደተባለው ጋራዥ ወሰድኩት። ባለቤቱ የአየር ማስገቢያውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦውን) አስፈትቶ በሁለት ጣቱ የቱርቦውን ዘንግ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀና «ሞቷል ጋሼ፤ መቀየር ብቻ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም» አለኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። መሞቱ እውነት ነበር። ምን እንደገደለው ግን እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እኔ በሙያዬ የሒሳብ መርማሪ ነኝ። ከአንድ መጋዘን ዕቃ ጎድሎ ሲገኝ ጉድለቱ በምን ምክንያት እንደመጣ ሳይጣራ በሌላ ዕቃ ይተካ የሚል ሥራ አስኪያጅ ቢገጥመኝ በሪፖርቴ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍበት አውቃለሁ። የገዛ መኪናዬ ዘንድ ስደርስ ግን ያ ሁሉ ልምድ የት እንደገባ እንጃ። የተፈታውን ቱርቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኝ በእጄ አንስቼ አገላብጬዋለሁ፤ ዘንጉ በእሳት እንደተለበለበ ብረት ወደ ሰማያዊነት ጠቁሯል። መልሱ መዳፌ ላይ ነበር፤ እኔ ግን «አቤት፣ ምን ያህል ቢግል ነው!» ብዬ አድንቄ መልሼ አስቀመጥኩት። በዚህ መሐል አንድ በዘይት የተነከረ ቱታ የለበሰ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፣ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ «የዘይት መምጠጫ ወንፊቱንስ አናየውም?» ሲል ባለቤቱ «አንተ ሥራህን ሥራ» ብሎ አፉን አስያዘው። እኔም ቅዳሜ ሠርግ ስለነበረብኝና መኪናው ቶሎ እንዲወጣልኝ ስለፈለግሁ ከባለቤቱ ጋር አብሬ ሣቅሁ። ያንን ልጅ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ልጁ ያነሣው ነገር ምን እንደነበር አሁን በሌላ መካኒክ አማካይነት ገብቶኛል። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከርና ከሞተሩ በሚመጣ ስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ነገር ነው፤ ዘይቱ ከተቋረጠበት ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቶ ለማለቅ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ደግሞ ናፍጣውን በሚረጩት ኖዝሎች ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያረጁ የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ዘይቱ ጥላሸት ያበዛል፣ ጥላሸቱም ከሞተሩ ግርጌ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ይህ በመካኒኮች ዘንድ ተደጋግሞ የታየ ችግር ነው። በእርግጥ ቱርቦ በሌላም ምክንያት ይሞታል። ከተቀደደ የአየር ፊልትሮ ባዕድ ነገር ገብቶ ከሆነ የፊት ክንፎቹ ተሸራርፈው ይገኛሉ፤ ዘይቱ ቆሻሻ ከሆነ ዘንጉ ላይ ጭረት ይታያል፤ ዘይት አጥቶ ከሆነ እንደ እኔው ይጠቁራል። የሞተ ቱርቦ የሞቱን ምክንያት ራሱ ላይ ይዞ ነው የሚፈታው፤ የሚያስፈልገው የሚያይ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትናንቱ ነገር ልመለስ። ከተገጠመ በአሥራ አንደኛው ቀን ሱሉልታ ላይ ያው ፉጨት፣ ያው ጭስ ተደገመ። መኪናውን በገመድ አስጎትቼ ጋራዡ ስደርስ በቃል የተሰጠኝን የሦስት ወር ዋስትና አስታወስኩ። ባለቤቱ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወንበር አቀረበልኝ፣ ቡናም አዘዘልኝ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ «የዘይት መመለሻውን ፍታው» አለው። ልጁ ከቱርቦው ሥር ያለውን፣ ዘይቱ ቱርቦውን አልፎ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቱቦ ፈትቶ አንገቱ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ደቀነበት፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ባለቤቱም ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጽ ጀመር። እንደ ክር ቀጥኖ መውረድ የነበረበት ዘይት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በፕላስቲኩ ውስጥ የነበረው የስኒ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ባለቤቱ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «አዩ ጋሼ? ዘይት አይደርሰውም። ዘይት ያልደረሰውን ቱርቦ ዋስትና አይሸፍነውም፤ ሻጩም አይቀበለኝም» አለ።

ቱቦው ተፈትቶ ይህ እስኪባል አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ቡናዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። የእኔን 132,000 ብር ለማዳን ያልተሠራው ምርመራ እኔን ባዶ እጄን ለመሸኘት ሲሆን ባንዴ ተሠራ፣ በቪዲዮም ተመዘገበ። «ታዲያ ይህን አዲሱን ሳትገጥሙት ለምን አላያችሁትም?» ብዬ ስጠይቀው በትሕትና፣ እንደውም በሚያናድድ ትሕትና፣ «ቱርቦ ቀይሩ አሉን፣ ቀየርን። ሞተር መርምሩ አላሉንም» አለኝ። መኪናውን ሊያሠራ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ጭምር ሣቀ። ልጁ ብቻ አልሣቀም፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት ያያል። የዳሽቦርዱ የዘይት መብራት አንድም ቀን በርቶ አያውቅም ብዬ ልከራከር ሞከርኩ፤ መብራቱ የሚበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ነው አለኝ፣ በዚህስ እውነቱን ነው። የሚያውቀውን ያህል ሳየው ንዴቴ ባሰ። ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መኖሩን ለምታስታውሱኝ፣ እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን የገዛሁት ቱርቦ ጉድለት ነበረበት ለማለት አልችልም፤ ጉድለቱ የራሴ ሞተር ላይ ነው፣ ማስረጃውም በእነሱ ስልክ ላይ ነው። በእጄ ያለው ወረቀት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም የተመታበት፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር እንኳ ያልተጻፈበት የእጅ ደረሰኝ ነው።

መኪና ያላችሁ፣ ቱርቦ ተበላሸ ስትባሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አሮጌው በእጃችሁ ይሰጣችሁ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ይንገሯችሁ፣ የዘይት መመለሻውንም ዓይናችሁ እያየ አስፈትታችሁ ፍሰቱን እዩ። የዘይት ማስገቢያ ቱቦው ይቀየር፣ ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም ከአሮጌው ዘይት ይታጠብ።

መኪናው አሁን ሌላ ጋራዥ ነው። ዛሬ ጠዋት የሞተሩ የዘይት ገንዳ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ወንፊቱ ምጣድ ላይ ባረረ ሽሮ በሚመስል ጥቁር ቅርፊት ከግማሽ በላይ ተደፍኗል፣ ከአራቱ ኖዝሎች የሦስቱ ቀለበትም አልቋል። የአራቱ ቀለበቶች ዋጋ ትናንት ለማስጎተቻ ከከፈልኩት ያንሳል። ሁለቱን ቱርቦዎች በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ይዣቸዋለሁ፤ ዘንጎቻቸውን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የትኛው የአሥራ አራት ዓመት፣ የትኛው የአሥራ አንድ ቀን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።