የጣት ኦክስጅን መለኪያ፦ ትንፋሽ ሲያጥር የምታሳየውና የማታሳየው

አስም፣ የቆየ የሳንባ በሽታ ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ፐልስ ኦክሲሜትር ብትኖር ጥሩ ነው እንላለን። ጣት ቆንጥጣ የምትይዘው ይህች መሣሪያ፣ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደተሸከመ በሰከንዶች ውስጥ ታሳያለች። ነገር ግን ትንፋሽ የሚያሳጥሩ በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ እሷ የምታያቸው ከፊሎቹን ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ቁጥሯን ማመን አደገኛ ነው።

በአንድ ወገን ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ትልካለች፣ በሌላው ወገን ጣቱን አልፎ የመጣውን ትቀበላለች። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች እኩል አይውጧቸውም፤ መቶኛው የሚሰላው ከዚሁ ልዩነት ነው። መርሁን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። ስሌቱ የደም ትርታን ስለሚከተል ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ስለዚህ ስትገዙ የትርታውን ሞገድ ጭምር የምታሳየውን ምረጡ። ሞገዱ ወጥ ካልሆነ፣ ወይም መሣሪያዋ የምትሰጠው የልብ ምት አንጓ ላይ በጣት ዳስሳችሁ ከምትቆጥሩት ጋር ካልገጠመ፣ የኦክስጅኑንም ቁጥር ተዉት።

ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሎ ማረፍ፣ እጅን ማሞቅ፣ የጥፍር ቀለምን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ጠቋሚውን ወይም መሐል ጣትን እስከ ጫፉ አስገቡና እጁን ደረት ላይ አሳርፉ። መጀመሪያ ብቅ ያለውን ቁጥር አትያዙ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ የረጋውን መዝግቡ።

በጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ይነበባል፤ ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ዝቅ ይላል። ጥሩ የምትባለው መሣሪያ እንኳ ሁለት ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ልትስት ትችላለች። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የማንበብ ዝንባሌ አላት፤ ይህ በአምራቾች መመሪያ ላይ ጎላ ብሎ ሊጻፍ የሚገባው ጉድለት ነው። በደህናው ቀን ስንት እንደሚነበብ ቀድማችሁ ካወቃችሁ፣ ከ97 ወደ 93 መውረዱ ብቻውን ለማስጠንቀቂያ ይበቃችኋል።

መሣሪያዋ በጣም የምትጠቅመው ለሳንባ ምች ነው። የአየር ከረጢቶቹ በፈሳሽ ሲሞሉ ኦክስጅን ወደ ደም አይሻገርም፣ ቁጥሩም ይወርዳል፤ በኮቪድ ጊዜ እንደታየው አንዳንዱ ሰው ብዙም ሳያለከልክ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ይገኛል። በአስም ግን ትዘገያለች። የአየር ቧንቧው ጠቦ ሰውየው ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ደረቱ ሲር ሲር እያለ 97 ልታሳይ ትችላለች። ቁጥሩ ከ92 በታች እስኪወርድ መጠበቅ ማለት አጣዳፊው ደረጃ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። የቆየ የሳንባ በሽታ ላለባቸው አንዳንድ ሕሙማን ሐኪም ከ88 እስከ 92 ያለውን ግብ ሊያደርግ ይችላል፤ እነዚህ ሰዎች ቁጥሩን 98 ለማድረስ ብለው በራሳቸው ኦክስጅን ቢጨምሩ ጉዳት ያገኛቸዋል።

ጨርሶ የማታያቸውም አሉ። በደም ማነስ ጊዜ ያለው ጥቂት ሄሞግሎቢን በኦክስጅን ስለሚሞላ 99 ይነበባል፤ በመቶኛ ሙሉ፣ በመጠን ግን ጎዶሎ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የከፋ ነው፤ ሄሞግሎቢኑን ይይዘዋል፣ መሣሪያዋም ኦክስጅን ነው ብላ ትቆጥረዋለች። ከጭስ የወጣ ሰው ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው ቁጥሩን ሳታዩ ሐኪም ጋ አድርሱት። በልብ ድካም ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሳለ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠሩ፣ ትራስ መደራረቡና የእግር እብጠቱ ቀድመው ይናገራሉ። የረጋ ደም ሄዶ የሳንባን የደም ሥር ሲዘጋም ቁጥሩ ላይወርድ ይችላል፤ ምልክቶቹ፦ በድንገት የመጣ የትንፋሽ እጥረት፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ያበጠ አንድ ባት። በድንጋጤና በጭንቀት ጊዜም ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፤ ሌላው ሁሉ ሳይጣራ ግን ጭንቀት ነው ብሎ መተው አይገባም።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ምላሱ ወይም ድዱ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የተለወጠ፣ ግራ የተጋባ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ሰው ምንም ቁጥር ቢነበብለት ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ለሕፃናት ይህችን የአዋቂ መሣሪያ አንመክርም። ትንሽ ጣት ውስጧ ስለማይረጋ የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣለች፤ ለእነሱ የተሠራ ለብቻው አለ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጦ የደረቱን ከፍ ዝቅ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ይሻላል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ቆጠራውን ሳትጨርሱ ውሰዱት።