አምስት ጥያቄ ለአንድ ጉልበት፦ ኢኪው ፋይቭ ዲ የተባለውን መጠይቅ እንዴት አገኘሁት

ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከመደረጌ በፊት አጠቃላይ ጤናን የሚለካ አንድ መጠይቅ ሰጡኝ፤ ከስድስት ወር በኋላም ደገምኩት። ኢኪው ፋይቭ ዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው ዩሮኮል የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ሥራ ነው።

አጭርነቱን ወድጄዋለሁ። የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፦ መራመድ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀት። እያንዳንዱ አምስት ደረጃ አለው፤ 1 ችግር የለም ማለት ነው፣ 5 የባሰው። መልሱ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ይሆናል። ምንም ችግር የሌለበት ሰው 11111 ነው፤ እኔ መጀመሪያ 31332 ነበርኩ። ጭንቀት ከሕመም እኩል መጠየቁ ልቤን ነክቶታል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበቴ ብቻ ነበር።

ቅሬታዬ «ዛሬ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። መጠይቁ የሚያውቀው የዛሬን ጤና ብቻ ነው። የእኔ ጉልበት ደግሞ ቀን ይታገሠኛል፣ ሌሊት ያነደኛል። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ስገላበጥ ይነጋል። የሞላሁት ግን ጠዋት፣ ማስታገሻ ውጬ፣ ወንበር ላይ ተደላድዬ ነው። ሕመም ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ «መካከለኛ» ላይ አረፈ። ሌሊቱስ? ነርሷን ብጠይቃት «የተጠየቁት ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ያ ቁጥር ወደ ነጥብ ይቀየራል፦ 1 ሙሉ ጤና፣ 0 ሞት፣ ከ0 በታች የሚወርድም አለ። ነጥቡ በዓመት ይባዛል። ከዚያ አንድ ሕክምና በሙሉ ጤና ለሚኖር አንድ ዓመት ስንት ገንዘብ እንደሚያስወጣ ይሰላል። በጀት የያዙ ሰዎች ይከፈልለት አይከፈልለት ሲሉ ይህን ሒሳብ ያያሉ። ገንዘብ ውስን ስለሆነ መሰላቱን አልቃወምም። ሳይሰላ ቢቀር የሚጎዳው ድምፅ የሌለው በሽተኛ ነው። ግን ሒሳቡ ውስጥ ሌሊቴም ይግባልኝ።

ነጥቡን የሚተምኑት አብዛኛውን ጊዜ ከሕዝቡ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። «በዚህ ሕመም 10 ዓመት ከመኖር፣ በሙሉ ጤና ስንት ዓመት ይበቃዎታል?» ይባላሉ። ራሴን ጠየቅሁ። ሌሊት 6 አልኩ። ጠዋት ተነሥቼ 9 አልኩ። ያው ጉልበት፣ ያው ሰው።

እናንተም ከተሰጣችሁ ሙሉት፣ ይጠቅማል። ከቻላችሁ ግን መጥፎ ቀናችሁን ለሐኪሙ በቃል ንገሩት። በሁለተኛው ዙር 21221 ሆንኩ። ማንም ባያነበውም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ሌሊት እተኛለሁ» ብዬ ጻፍኩበት።