«ከፋብሪካው በላይ የፈጠነ» የሚባል ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቴጁን እዩ

በአዲስ አበባ ሱቆችም ሆነ በቴሌግራም ቻናሎች ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ለምትፈልጉ ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ በቪዲዮ ቅንብር ለምትተዳደሩ፣ የገጠመኝን ነገር በዝርዝር ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «ኦቨርክሎክ ተደርጎ የተዘጋጀ»፣ ማለትም ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ እንዲሠራ የተደረገ፣ እየተባለ ከመሰሎቹ በላቀ ዋጋ የሚሸጥ ካርድ አለ። ያ ተጨማሪ ፍጥነት የተገኘው ቮልቴጁ ፋብሪካው ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ ተነሥቶ ከሆነ፣ ገዢው ጭማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ዕድሜው ላለቀ ዕቃ ነው።

የገዛሁት «አርኤክስ 580፣ 8 ጊጋባይት» የተባለ የኤኤምዲ ኩባንያ ካርድ ነው። ሻጩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ 1,450 ሜጋኸርዝ ሲሠራ አሳየኝ፤ አንድ ጨዋታ ከፍቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል አስኬደልኝና «ወንድሜ፣ ይሄ ከፋብሪካ ከሚወጣው ይበልጣል፤ ሌላ ቦታ አታገኘውም» አለኝ። እኔም አምኜው በሌሎች ሱቆች ከጠየቅሁት ዋጋ 4,000 ብር ጨምሬ ከፈልሁ። ካርዱን ሲያስረክበኝ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የተጫነበት ፍላሽ አብሮ ሰጠኝና ከኢንተርኔት ሌላ አውርጄ እንዳልጭን አጥብቆ ነገረኝ። በጊዜው እንደ መልካም መስተንግዶ ቆጥሬው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከምልክቶቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር፤ ምክንያቱም የኤኤምዲ ድራይቨር በዚህ ትውልድ ካርዶች ላይ የባዮሱን (በካርዱ ላይ ተቀምጦ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን የሚወስነውን ፕሮግራም) ዲጂታል ፊርማ ስለሚመረምር፣ ባዮሱ የተነካካ ካርድ በመደበኛው ድራይቨር አልነሣም ይላል፤ እንዲነሣ ከተፈለገ ድራይቨሩም አብሮ መነካካት አለበት። «ከዚህ ፍላሽ ውጪ እንዳትጭን» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ካርዱን መልሱለትና ውጡ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ለሰኞ ጠዋት ቃል የገባሁትን የሠርግ ቪዲዮ ቅዳሜ ማታ ሬንደር ሳደርግ (ያቀናበርሁትን ወደ ተጠናቀቀ ቪዲዮ ስቀይር)፣ በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ጥቃቅን ሐምራዊ አራት ማዕዘኖች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን የካርዱ ፋኖች በሙሉ ኃይላቸው ጮኹ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ኮምፒውተሩም ጠፋ። በማግስቱ የካርዱን ማቀዝቀዣ ፈትቼ ስመለከት፣ ለቺፑ ኤሌክትሪክ የሚመጥኑት ትንንሽ ጥቁር ክፍሎች ያሉበት የቦርዱ ጎን ከአረንጓዴነት ወደ ቡኒ ተለውጧል፤ በላያቸው ያረፈው ለስላሳ የሙቀት ማስተላለፊያ ፓድም ዘይት አውጥቶ ቦርዱን አርሶታል። ይህ በሦስት ሳምንት የሚመጣ አይደለም። ካርዱ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ለብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቼ ስመለከት የማስሊያ ክፍሎቹ ቁጥር 2,048 ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ትክክለኛው አርኤክስ 580 ያለው 2,304 ነው። 2,048 ያለው «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ የወጣው ሲሆን፣ ስሙ 580 ይሁን እንጂ በውስጡ ከአርኤክስ 570 ጋር የሚመሳሰል፣ የፋብሪካ ፍጥነቱም እስከ 1,284 ሜጋኸርዝ ብቻ የሆነ ካርድ ነው። ትክክለኛው 580 በ1,340 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ሥራ በ2,048 ክፍሎች ለመሥራት ወደ 1,507 ሜጋኸርዝ መድረስ ያስፈልጋል፤ ይህንን ስሌት ስሠራ ሻጩ ለምን ፍጥነቱን፣ ለፍጥነቱም ሲል ቮልቴጁን፣ እንዳነሣ ገባኝ። የጎደለውን ክፍል በፍጥነት ለመሸፈን ነው።

ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ስለካው የቺፑ ቮልቴጅ 1.225 ቮልት ነበር። የዚህ ትውልድ ቺፖች በፋብሪካው መቼት በሙሉ ፍጥነታቸው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ1.15 ቮልት አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከቮልት ከአንድ አሥረኛም የማይሞላ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ቺፑ የሚበላው ኃይል የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱም ከፍጥነቱ ጋር ተባዝቶ ነው። ከ1.15 ወደ 1.225፣ ከ1,284 ወደ 1,450 ሲኬድ የኃይሉ ጭማሪ 28 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የተገኘው ፍጥነት ግን 13 በመቶ ብቻ ነው። ተጨማሪው ኃይል ሁሉ ደግሞ ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው። ከሙቀቱም በላይ የሚያሳስበው ኤሌክትሮማይግሬሽን የሚባለው ነገር ነው፤ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰትና ሙቀት ሲተባበሩ በቺፑ ውስጥ ያሉትን ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የብረት መስመሮች አቶሞች ቀስ በቀስ ከቦታቸው እየገፉ ያሳሷቸዋል፤ አንዴ የሳሳ መስመር ደግሞ ቮልቴጁ ቢወርድም ተመልሶ አይሞላም።

«ታዲያ ደህናው ልክ ስንት ነው?» ለምትሉ፣ ለሁሉም ካርድ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ አለ የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት። በተፎካካሪው ኩባንያ በኤንቪዲያ በኩል ጂቲኤክስ 1060ን የመሳሰሉት የፓስካል ትውልድ ካርዶች ብዙውን ጊዜ በ1.062 ቮልት የሚያቆሙ ሲሆን፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የቮልቴጁ ማንሸራተቻ እስከ መጨረሻው ቢገፋ እንኳ ከ1.093 አያልፉም፤ ኩባንያው ራሱ ቆልፎታል። ለአርኤክስ 580 የተለመደው 1.15 ቮልት ለጂቲኤክስ 1060 ከተቆለፈው ጣሪያ በላይ ነው ማለት ነው። በአንድ ሞዴል ውስጥም ቢሆን እያንዳንዱ ቺፕ እንደ ጥራቱ ትንሽ የተለየ ቮልቴጅ ይመደብለታል። በእኔ አመለካከት ያገለገለ ካርድ ለሚገዛ ሰው ደህናው ልክ ያልተነካው የፋብሪካ ባዮስ የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንሣት የሚፈልግ ካለ አዲስ ገዝቶ፣ በገዛ ዕቃው ላይ፣ አውቆ ያድርገው። ዝቅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማመንጨት (ማይኒንግ) ሲያበቃ ወደ ገበያ ከፈሰሱት የማይኒንግ ካርዶች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል ቮልቴጃቸው ዝቅ ተደርጎ የሠሩ ናቸው፤ ፋናቸውና ሜሞሪያቸው ሊደክም ቢችልም፣ ቺፓቸው የእኔን ያህል ያልተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ጂፒዩ-ዚን በራሳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የማስሊያ ክፍሎቹን ቁጥር አንብቡ፤ የባዮሱን ቁጥር ቴክፓወርአፕ የተባለው ድረ-ገጽ ከሚያስቀምጠው የባዮሶች ስብስብ ጋር አስተያዩ፤ ካርዱ የባዮስ መቀያየሪያ ካለው በሁለቱም በኩል ፈትሹት። ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በከባድ ሥራ ላይ አቆዩትና ቮልቴጁንና ሙቀቱን ተከታተሉ፤ የአምስት ደቂቃ ማሳያ ምንም አይነግራችሁም፣ ካርዱ ገና አልሞቀምና። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ደረሰኙን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኔም ደረሰኝ ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን የተጻፈበት «ግራፊክስ ካርድ 8 ጊጋ» ብቻ ነው። ካርዱን ይዤ ስመለስ ሻጩ ደረሰኙን አንብቦ «የሸጥኩልህ ይህንኑ ነው» አለኝ፤ የምከራከርበት ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረም። እናንተ ሙሉ የሞዴሉ ስም፣ የማስሊያ ክፍሎቹ ቁጥርና «ባዮሱ ያልተነካ» የሚል ቃል ሳይሰፍር ገንዘብ አትክፈሉ።

የፋብሪካውን ባዮስ መልሼ ጭኛለሁ። ካርዱ ግን በ1,284 ሜጋኸርዝ ሐምራዊ ነጥብ ሳያወጣ መሥራት አልቻለም፤ አሁን 1,150 ላይ አውርጄው ነው የሠርጎቹን ቪዲዮ የምጨርሰው።